ላንድሮቨር፦ የድሮው ስምና የዛሬው መኪና



በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ሚሽካንታ፣ ስለ ቢቱዋኽ ሌኡሚ ደብዳቤዎችና ስለመሳሰሉት ጉዳዮች ነው። ዛሬ ስለ መኪና እንነጋገራለን። ይህ ከዓምዱ የራቀ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ ከቤት ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ በአንድ ፊርማ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ለመኪና መሆኑን ያስታውስ። በሥራዬ ከማያቸው የቤተሰብ ዕዳዎች ውስጥም በመኪና የተጀመሩት ጥቂት አይደሉም።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። አንድ አባትና ወንድ ልጃቸው ለሌላ ጉዳይ ወደ ቢሮ መጥተው ነበር። ጉዳያቸው ካለቀ በኋላ ልጁ ስልኩን አውጥቶ የአንዲት ያገለገለች ላንድሮቨር ዲስከቨሪ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ሊገዛት አስቧል። ያጠራቀመው ገንዘብ ስለማይበቃ የቀረውን ከባንክ ይበደራል፤ አባቱም ዓሬቭ ሆነው ይፈርሙለታል። እኔ አባትየው ይቃወማሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን፣ «ላንድሮቨር ከሆነችማ ምን ይጠየቃል ልጄ! እሷን እኔ አውቃታለሁ» አሉኝ።

እንዴት እንደሚያውቋት ጠየቅኋቸው። በወገራ ልጅ ሳሉ ክረምት ገብቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን፣ በቅሎ እንኳ ሲቸገር፣ ወደ መንደራቸው የምትደርስ መኪና እሷ ብቻ ነበረች። ክትባት የሚሰጡት ሰዎች የሚመጡት በእሷ ነው። ምጥ የጠናባት ጎረቤታቸው ወደ ጎንደር ሆስፒታል የተወሰደችውም በእሷ ነው። ድምፅዋን ከሩቅ ሲሰሙ ልጆቹ ሁሉ እየሮጡ ወደ መንገዱ ይወርዱ ነበር። «መኪና የሚለውን ቃል ሳላውቅ ላንድሮቨር የሚለውን አወቅሁ» ብለው ሳቁ።

እኔም አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ሾፌሩንስ ያስታውሱታል?» አልኋቸው። «እንዴት አላስታውስ! ዘይት የነካው ካኪ ልብስ ነበረው። መኪናዋ ቆማ ባየናት ቁጥር እሱ ከሥሯ ተኝቶ ነው» አሉኝ።

ይህን የመጨረሻውን ቃላቸውን አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። የጠየቀኝ ልጁ ቢሆንም መልሱን ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንሁ፤ ምክንያቱም በእኛ ሰው ዘንድ ይህን ስም በአክብሮት የሚያነሣ ብዙ ነው። እዚህ አገር ከፍ ያለ መኪና ሁሉ «ጂፕ» እንደሚባል፣ በገጠር ኢትዮጵያም በብዙ ቦታ ዳገት የሚወጣ መኪና ሁሉ «ላንድሮቨር» ይባል ነበር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ላንድሮቨር የተወለደችው ከችግር ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ እንግሊዝ ብታሸንፍም ኪሷ ባዶ ነበር። ብረት በመንግሥት ቁጥጥር የሚታደል ሆነ፤ ቅድሚያ የሚያገኘውም ምርቱን ወደ ውጭ ሸጦ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባ ፋብሪካ ነበር። ሮቨር የተባለው ኩባንያ ከጦርነቱ በፊት ኑሯቸው ደኅና ለሆነ ሰዎች የሚሆኑ የከተማ መኪናዎችን ይሠራ ስለ ነበር፣ አሁን ምን ሠርቶ ወደ ውጭ እንደሚልክ ጨነቀው።

የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ይባላል። በዌልስ፣ አንግልሲ በምትባለው ደሴት ላይ እርሻ ነበረው፤ በእርሻውም የሚሠራው ከጦር ሠራዊት በተረፈች የአሜሪካ ጂፕ ነበር። ጂፕዋ ስታረጅ በምን እንደሚተካት ቢያስብ ከሌላ ጂፕ በቀር የሚሆን አላገኘም። እንግዲያው ለምን ራሳችን አንሠራም ሲል የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከሆነው ከወንድሙ ከስፔንሰር ጋር ተማከረ። የመጀመሪያውን ንድፍ በባሕር ዳር አሸዋ ላይ በእንጨት ጫረው ይባላል። በ1947 የተሠራችው የመሞከሪያ መኪና ሻንሲዋ የጂፕ ነበር፤ መሪዋም እንደ ትራክተር መሀል ላይ ነበር። በኋላ ግን መሪው ወደ ጎን ሄደ፣ ሻንሲውም የራሷ ሆነ፤ አፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ለሕዝብ ቀረበች። ዋጋዋ 450 ፓውንድ ነበር።

ገላዋ ለምን አሉሚኒየም እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። ዝገትን ለመከላከል ታስቦ የተደረገ የሚመስለው አለ። እውነቱ ግን ብረት ስለጠፋ ነው። አሉሚኒየም ከጦር አውሮፕላን ፋብሪካዎች የተረፈ እንደልብ ይገኝ ነበር። ውድ ማሽን ገዝቶ ቅርጽ ለማውጣትም ገንዘብ ስላልነበረ ቆርቆሮው ቀጥ ባለ መስመር እየታጠፈ ተሠራ፤ ያ ሁላችንም የምናውቀው ሳጥን መሰል መልክ የመጣው ከዚህ ነው። ቀለሙ እንኳ ከጦሩ የተረፈ አረንጓዴ ነበር። ኩባንያው ሐሳቡ የከተማ መኪናው ገበያ እስኪመለስ ድረስ ለጥቂት ዓመታት በእሷ ለመቆየት ነበር። ለመቆያ የተሠራችው መኪና ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዋናዎቹ መኪናዎች በላይ ተሸጠች፤ ያችው ቅርጽ ደግሞ ብዙም ሳትለወጥ እስከ 2016 ድረስ ስትሠራ ኖረች።

ስሟን ዓለም ያወቀው በጉዞ ነው። በ1955 ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ስድስት ተማሪዎች በሁለት ላንድሮቨሮች ከለንደን ተነሥተው በየብስ እየነዱ በ1956 ሲንጋፖር ገቡ። የእንግሊዝ ጦርም፣ የቅኝ ግዛት አስተዳዳሪዎችም፣ ሚሲዮናውያንም፣ አራዊት የሚያጠኑ ሊቃውንትም በእሷ ሄዱ። በኢትዮጵያም እንዲሁ ነው። ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ በአፋር፣ ሃዳር በተባለው ቦታ ድንቅነሽን ባገኙበት ዕለት ከሰፈራቸው የወጡት በላንድሮቨር ነበር።

አሁን ወደ አባትየው ቃል እንመለስ። ሾፌሩ ሁልጊዜ ከሥሯ ተኝቶ ነበር ብለዋል። ትክክል ናቸው። የድሮዋ ላንድሮቨር የማትበላሽ መኪና አልነበረችም። ሞተሯ ደካማ ነበር። ከዲፈረንሻሉ ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎች፣ ሾፌሩ ጭነት አብዝቶ በድንጋያማ መንገድ ከነዳት፣ መሰበር ያበዙ ነበር። ዘይት ከማታንጠባጥብበት ቦታ የምታንጠባጥብበት ይበልጣል። ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል። ገላዋ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም ይባላል እንጂ፣ ሻንሲዋ ብረት ስለሆነ ይዝጋል፤ አሉሚኒየሙና ብረቱ በሚነካኩበት ቦታ ደግሞ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ራሱ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል።

ታዲያ ያ ሁሉ ስም ከየት መጣ? የመጣው ከመጠገኗ ነው። ሁሉ ነገሯ በብሎን የታሰረ ነው። አንድ ሾፌር የተሰበረውን ዘንግ በመንገድ ዳር አውጥቶ መለዋወጫ ካለው በሌላ ሊተካ ይችላል። የታጠፈውን ቆርቆሮ በመዶሻ ያቃናል። የሞተሩ ምሥጢር ጥቂት ነው፤ ከጎንደር እስከ ናይሮቢ ያለ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ብትበላሽ ነገ ትነሣለች፤ አርባና አምሳ ዓመትም ትኖራለች። ብዙ የመኪና ሰዎች «ከተሠሩት ላንድሮቨሮች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ ይሄዳሉ» እያሉ ሲኮሩ እሰማለሁ። ረጅም ዕድሜ መኖርና አለመታመም ግን የተለያዩ ናቸው። በየሳምንቱ ሐኪም ቤት እየሄዱ ዘጠና ዓመት የሚሞላቸው ሽማግሌ የለም እንዴ?

ይህን ልዩነት ከሁሉ ቀድመው የተረዱት ጃፓኖች ናቸው ማለት ይቻላል። ቶዮታ በ1951 ጂፕ መሰል መኪና ሠርቶ በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ አወጣት። በ1954 «ላንድክሩዘር» የሚል ስም ሲወጣላት፣ ስሙን ያወጣው ሃንጂ ኡሜሃራ የተባለው መሐንዲስ ከእንግሊዟ ላንድሮቨር በክብር የማታንስ እንድትመስል አስቦ እንደሆነ ተናግሯል። በአውስትራሊያ ስኖዊ በተባሉት ተራሮች ታላቅ የግድብ ሥራ ሲካሄድ መጀመሪያ የሚሠራባቸው ላንድሮቨሮች ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቲስ የተባለው የሥራ ተቋራጭ ላንድክሩዘር አስመጥቶ ሞከረ፤ ቆይቶም የመኪናዋ አስመጪ እስከ መሆን ደረሰ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ላንድሮቨር መጀመሪያ አውስትራሊያን፣ ቀጥሎም አብዛኛውን አፍሪካ ለቶዮታ ለቀቀ። የላንድክሩዘር ሽያጭ በ2019 ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የድሮው ላንድሮቨር በ2016 ሲያበቃ የተሠራው በሙሉ 2 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ ገጠር የእርዳታ ድርጅት መኪና ሲባል በሰው ዓይን የምትመጣው ነጭ ላንድክሩዘር ናት።

እዚህ አገር ይህ ፉክክር ዘግይቶ ነው የታየው። የዓረብ አገሮችን ቦይኮት ፈርተው አብዛኞቹ የጃፓን ኩባንያዎች ወደ እስራኤል አይሸጡም ነበር፤ ሱባሩ ግን ይሸጥ ነበር። ቶዮታ የገባው በ1991 ነው። ልጅ በጦር ሠራዊት ያላችሁ ደግሞ «ዳቪድ» የተባለችውን ጥይት የምትከላከል መኪና አይታችኋል፤ እሷ በላንድሮቨር ዲፌንደር ላይ የተሠራች ናት።

ላንድሮቨር ለምን ተቀደመ? ዋናው ምክንያት የባለቤቶቹ ጉዳይ ይመስለኛል። ሮቨር በ1967 ወደ ሌይላንድ ገባ፤ በማግስቱ ዓመት ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለ አንድ ግዙፍ ድርጅት ተመሠረተ፤ እሱም ሊወድቅ ሲል በ1975 መንግሥት ወረሰው። በእነዚያ ዓመታት አድማው ብዙ፣ የሥራው ጥራት ዝቅተኛ፣ መኪና ለሚጠብቀው ደንበኛ ወረፋው ረጅም ነበር። ላንድሮቨር የሚያተርፈው ገንዘብ የሚከስሩትን የድርጅቱን ሌሎች ክፍሎች መደጎሚያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖረ፤ በ1988 ብሪቲሽ ኤሮስፔስ፣ በ1994 የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ፣ በ2000 የአሜሪካው ፎርድ፣ በ2008 የሕንዱ ታታ ገዙት። አንዳንዶቹ ባለቤቶች የራሳቸውን ሞተርና የራሳቸውን ኤሌክትሪክ ይዘው ይመጡ ነበር። አምስት እንጀራ አባት ያሳደገው ልጅ ጠባዩ አንድ ዓይነት ይሆናል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ኩባንያው ራሱ መንገዱን መለወጡ ነው። በ1970 ሬንጅ ሮቨር ወጣች፤ በባሌስትራ ፋንታ ሞላ ያላት፣ ፈጣን፣ ለከተማም ለገጠርም የምትሆን መኪና። በዘመኗ ድንቅ ነበረች፤ እኔም እስከ ዛሬ መልኳን እወደዋለሁ። ነገር ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1971 መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች በሁለት ሬንጅ ሮቨሮች ከአላስካ ተነሥተው እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ለመንዳት ወጡ። መሪያቸው ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ነበር፤ በ1968 የዓባይን ወንዝ በጀልባ ያጠናውን ጉዞ የመራው ያው መኮንን ነው። በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ያለው ዳሪየን የተባለው ረግረጋማ ጫካ ሲደርሱ የመኪናዎቹ ዲፈረንሻሎች መሰባበር ጀመሩ። ለረግረግ ተብለው የተገጠሙት ትልልቅ ጎማዎች ከአቅማቸው በላይ ሆነውባቸው ነበር። መለዋወጫ በአውሮፕላን እስኪመጣ ጉዞው ቆመ። ከፊት ሆና መንገድ የምትከፍት አንዲት ያገለገለች የድሮ ላንድሮቨር ከፓናማ ተገዛችና ሥራው ቀጠለ። መኪናዎቹ በ1972 ጉዞውን ፈጽመዋል፤ ያቺ አሮጊት ግን ከማስታወቂያው ላይ እምብዛም አትታይም።

ዲስከቨሪ የተባለችው በ1989 ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ናፍጣ ሞተሮች አሁንም ቀላል ነበሩ፤ መካኒክ በጆሮው የሚያክማቸው ዓይነት። ከ1998 ጀምሮ በዲስከቨሪና በዲፌንደር ላይ የገባው ባለ አምስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሆነ። ሞተሩ ራሱ ጠንካራ ነው። የታወቀው ጉድለቱ ከሞተሩ ውስጥ ዘይት በኤሌክትሪክ ሽቦው ውስጥ እየተሳበ እስከ ኮምፒውተሩ መሰኪያ መድረሱ ነው። ያን ጊዜ መኪናዋ ትንተፋተፋለች፤ የማያውቅ መካኒክ ደግሞ የማያስፈልግ ነገር ሁሉ ይቀይራል። ፍሪላንደር የተባለችው ትንሿ ከ1997 እስከ 2006 በቤንዚን ሞተር ስትሠራ በሞተሩ ራስና በገላው መካከል ያለው ማሸጊያ እየተቃጠለ ብዙ ባለቤቶችን አስለቅሷል።

ልጁ የመረጣት በ2004 የወጣችውን ሦስተኛዋን ዲስከቨሪ ነው። ውብ መኪና ናት፤ ሰባት ሰው በምቾት ትይዛለች፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተሯ ድምፁ አይሰማም። በብረት ሞላ ፋንታ በአየር በሚሞሉ የጎማ ከረጢቶች ላይ ትቀመጣለች፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ከፍ ዝቅ ትላለች። ከረጢቶቹ ከዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃሉ፤ አየር ሲያፈስሱ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ ይቃጠላል፤ ጠዋት መኪናዋን በአንድ ጎኗ ተኝታ ታገኟታላችሁ። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ሲጣበቅ በጉልበት አይለቅም። የሞተሩ ቺንጋ በጊዜው ካልተቀየረና ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ከሁሉም የከፋው ክራንክሻፍት የሚባለው ዋናው የሞተር ዘንግ መሰበሩ ነው፤ በሁሉም ላይ አይደርስም፣ በዓለም ዙሪያ ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ግን ደርሷል። ሲሰበር የሚታሰበው ሌላ ሞተር ነው። ለአንዳንድ ሥራ ደግሞ ሙሳኹ ገላዋን በሙሉ ከሻንሲው ላይ ማንሣትን ይመርጣል፤ የሰዓቱን ክፍያ እናንተው አስሉት።

ይህን ስነግረው ልጁ፣ «ማንኛውም አሮጌ መኪና ይበላሻል» አለኝ። እውነቱን ነው። ቶዮታም ይበላሻል። ሆኖም የባለቤቶችን ቃል ሰብስበው የሚያወዳድሩ ድርጅቶች አሉ። በአሜሪካ ጄ ዲ ፓወር የተባለው ድርጅት ሦስት ዓመት የሞላቸውን መኪናዎች ባለቤቶች ስለ ብልሽት ይጠይቃል፤ በ2020 ዝርዝሩ ላይ ላንድሮቨር የመጨረሻውን ቦታ ይዟል፤ በሌሎች ዓመታትም ከግርጌው ብዙ አልራቀም። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። በእንዲህ ያለ ቆጠራ ውስጥ የተሰበረ ሞተርም፣ ከስልክ ጋር አልገናኝ ያለ ስክሪንም እያንዳንዳቸው አንድ ብልሽት ተብለው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ሁሉን አይናገርም። ጥያቄዬ ሌላ ነበር፤ የሦስት ዓመት መኪና ብልሽቱን የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ አስመጪው ነው፤ የአሥራ አምስት ዓመቷን መኪና ብልሽት ማን ነው የሚከፍለው? አባትየው ይህን ጊዜ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት።

ከዓመታት በፊት ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። የመኪናዋን ዓይነትም ሆነ የሸጠላቸውን ሰው ስም አልጠራም። አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ሁሉ በአንድ ላይ የምትይዝ ከፍ ያለች ጂፕ ያድ ሽኒያ ገዛ። ወር ሳይሞላት ካምቢዮዋ ሞተ። ሙሳኹ የጠየቀው ገንዘብ ከተገዛችበት ዋጋ ከግማሽ በላይ ነበር። ስለዚህ ከሕንፃው ሥር ቆመች። ጎማዋ ተነፈሰ፣ ርግቦች ሰፈሩባት፤ ከባንክ ሒሳባቸው ግን በየወሩ ክፍያው ይቆረጥ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ! እናትየው ወደ ሥራ በአውቶቡስ ስትሄድ በየጠዋቱ በአጠገቧ ታልፋለች። በብድሩ ዓሬቭ የነበሩት አጎት ከዚያ በኋላ በበዓል እንኳ ወደ ቤታቸው መምጣት አቆሙ።

ስለዚህ ልጁን አትግዛ አላልኩትም። አዋቂ ሰው ነው፤ ገንዘቡም የራሱ ነው፤ ኔጌቭን መዞር እንደሚወድም አውቃለሁ። ያልኩት ሌላ ነው። መጀመሪያ ከገበያው ራሱ ጀምር አልኩት። በአዲስነቷ እጅግ ውድ የነበረች መኪና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህን ያህል ከረከሰች፣ ገበያው የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። የመግዣዋ ዋጋ ሲረክስ የመለዋወጫዋ ዋጋ አብሮ አይረክስም፤ ኮምፕሬሰሩ የሚሸጠው በአዲሲቱ መኪና ሒሳብ ነው።

ቀጥሎ የሙሳኽ ደረሰኞቿን ጠይቅ። ቺንጋው መቼ ተቀየረ? የሞተር ዘይቱስ በጊዜው ይቀየር ነበር? ሻጩ «ሁሉም ተሠርቷል» ካለ በየትኛው ሙሳኽ እንደተሠራ ይንገርህ፤ ደውለህ ጠይቅ። ዓመታዊውን ቴስት ማለፏ አይበቃም፤ ቴስት ፍሬኑንና መብራቱን ያያል እንጂ ሞተሩ ነገ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ወደ ማኾን ብዲካ ውሰዳት፤ ሻጩ አይሆንም ካለ ነገሩ በዚያው ይብቃ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድና እያት፤ ማታውን ስትቆም በአራቱም ጎን እኩል ከነበረች ጠዋትም እኩል መሆኗን ተመልከት። ከሥሯ ገብተህ ሻንሲዋን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው፤ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ የበለጠ ተጠራጠር። ሺዕቡድ ወይም ዒኩል እንዳለባት ሳታጣራ ስመ ንብረቱን እንዳታዛውር። በመጨረሻም መኪናዋን ከገዛህ በኋላ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ተቀምጦ ይቆይ። ይህን ካላገኘህ ዋጋዋ ከአቅምህ በላይ ነው፤ መግዣዋ ቢሞላልህም።

ለአባትየው ደግሞ ዓሬቭ ማለት ምስክር ማለት እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። በእኛ አገር ልማድ ሽማግሌ ዋስ ሲሆን ቃሉን ሰጠ ማለት ነው፤ ነገር ሲበላሽ ተሰብስቦ ይታረቃል። ባንክ ግን አይታረቅም። ልጁ መክፈል ካቃተው የሚፈለጉት እሳቸው ናቸው፤ ይህም ከጡረታ ገንዘባቸው ነው። ከመፈረማቸው በፊት ወረቀቱን በአማርኛ የሚያስረዳቸው ሰው ይፈልጉ።

የድሮዋን የሚመኝ ካለ፣ የመጨረሻዋ ጃንዋሪ 29 ቀን 2016 በሶሊሃል ፋብሪካ ተሠርታ አበቃች። በ2019 በዚያው በዲፌንደር ስም የቀረበችው አዲሲቱ መኪና በስሎቫኪያ፣ ኒትራ በተባለች ከተማ ትሠራለች፤ ሻንሲና ገላ የሚባል ነገር የላትም፣ ሁሉም አንድ ወጥ ነው። መልካም መኪና እንደሆነች የነዷት ይመሰክራሉ፤ ከወገራዋ ጋር ግን ከስሟ በቀር ዝምድና የላቸውም። ኩባንያው ራሱ በ2023 ሬንጅ ሮቨርን፣ ዲፌንደርንና ዲስከቨሪን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ስሞች አድርጎ፣ ላንድሮቨር የሚለውን ከበስተጀርባ አስቀምጦታል። አሮጌ ዲፌንደር ናፍጣ ገዝቶ ቅዳሜና እሑድን ከሥሯ ተኝቶ የሚያሳልፍ ሰው አውቃለሁ። ደስተኛ ነው። ለእሱ ጥገናው ራሱ መዝናኛው ነው፤ ወደ ሥራ የሚሄደው ግን በባቡር ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባትየውን በገበያ አዳራሽ አገኘኋቸው። ልጃቸው ደረሰኞቹን ጠይቆ ኖሮ ሻጩ የጥቂት ዓመታቱን ብቻ ነው የሰጠው፤ የቺንጋው ደረሰኝ የለም። ማኾን ብዲካ ሳትገባ እንደማይወስዳት ነግሮት መልስ እየጠበቀ ነው። እሳቸውም ወረቀቱን ገና አልፈረሙም። ሊሰናበቱኝ ሲሉ ከረጢታቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «እንዲያው ልጄ፣ ያ ሾፌር ይህችን ቢያገኛት ኖሮ ከሥሯ ገብቶ ምን ይሠራ ነበር?» አሉኝ። እኔም ኮምፒውተር ከሌለው ምንም እንደማይሠራ ነገርኋቸው።